ቡናው ሲወጣ ይለቀማል፤ ጌሙ ሲገባስ ማን ይለቅመዋል?

የቡና ወቅት በደረሰ ቁጥር በጅማና በዙሪያዋ በሚገኙት ከተሞች፣ በየቡ፣ በሰቃ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት፣ ሥራ የሚፈታ እጅ የለም። እሸቱ ይለቀማል፤ ይፈለፈላል፤ ይታጠባል፤ ጀንፈሉም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይገላበጣል። እናት ጎሕ ሲቀድ ከቤቷ ወጥታ ወይ ወደ ማሳው፣ ወይ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው፣ ወይ ወደ መጋዘን ለቀማ ትሄዳለች፤ የምትመለሰውም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በፈረቃ የሚማረው ልጇ ግማሹን ቀን ያለ ጠባቂ ይውላል። አንዳንዱም ልጅ ራሱ እሸት ለቅሞ ያገኛት ገንዘብ በኪሱ አትጠፋም።

ይህችን ገንዘብና ይህን ትርፍ ጊዜ የሚጠብቅ ቤት አለ። ጌም ቤት ይባላል። በትምህርት ቤት አጠገብ፣ በመናኸሪያ ወይም በገበያ ዳር በተከራየች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከሥራቸው ፕሌይስቴሽን፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይም መጋረጃ። ልጆች በየጨዋታው ይከፍላሉ፤ በብዙ ቦታ ከፋዩ የተሸነፈው ነው። አብዛኛው ጨዋታ እግር ኳስ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በወዲያኛው ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሪያስ» ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ መኪና ይቀማል፣ መንገደኛ ይደበድባል፣ ፖሊስ ይገድላል። ጌም ቤት ደጃፍ ያልረገጠውም ልጅ ቢሆን በስልክ «ፐብጂ» ወይም «ፍሪ ፋየር» ይጫወታል። በፐብጂ 100 ያህል ተጫዋቾች በአንድ ደሴት ላይ ይወርዱና አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ብቻ እስኪቀር ድረስ ይገዳደላሉ።

ልጁ ከጓደኛው ጋር የተደባደበ፣ ከትምህርት የቀረ፣ ወይም ከቤት ብር ያነሣ እንደሆነ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ የታወቀ ነው። «እናቱ የት ነበረች?» ይባላል። እናቱማ ቡና ለቀማ ላይ ነበረች። ለመሆኑ ተጠያቂዋ እርሷ ብቻ ናት? ወይስ ጨዋታውን የሠራው፣ ያባዛው፣ ያከራየው፣ ፈቃድ የሰጠው፣ አይቶ ዝም ያለው ሁሉ የየራሱ ድርሻ አለው? የዛሬው ዓምዳችን የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

የቆየ ክስ

ልጅ አበላሸ ተብሎ የሚከሰሰው ነገር ስሙ በየዘመኑ ይለዋወጣል። ከጌም ቤት በፊት ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ የካራቴና የጦርነት ፊልም በየሰፈሩ በሳንቲም ይታይ በነበረበት ጊዜ ከወላጆች ይሰማ የነበረው አቤቱታ ከዛሬው ብዙም አይለይም። ከዚያም ወዲህ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ቪዲዮ ቤትና ጌም ቤት «በትምህርት ቤቶች አካባቢ የሚታዩ አዋኪ ድርጊቶች» በሚል አንድ ስም ተጠቃለው በየከተማው ዘመቻ ሲካሄድባቸው ቆይቷል። ዘመቻው ሲመጣ ቤቱ ይዘጋል፤ ዘመቻው ሲያልፍ ወይ እዚያው ወይ በሌላ ጓሮ ይከፈታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በሌላውም ዓለም ነገሩ የተጀመረው በክስ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1992 «ሞርታል ኮምባት» የተባለ የድብድብ ጨዋታ ወጣ፤ አሸናፊው የተሸናፊውን ልብ ከደረቱ መንጥቆ ሲያወጣ የሚያሳይ ነበር። የአሜሪካ ወላጆች ተቆጡ፤ በታኅሣሥ 1993 ጉዳዩ በሀገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀረበ። ኩባንያዎቹም መንግሥት ሕግ ሳያወጣባቸው በ1994 ራሳቸው የዕድሜ ደረጃ መዳቢ ቦርድ አቋቋሙ። ዛሬ በጨዋታ ሣጥን ላይ «ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚል ምልክት የሚታየው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይሁን እንጂ ክሱ አላበቃም። በሚያዝያ 1999 በአሜሪካ ኮሎምባይን በተባለው ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና 1 መምህር በጥይት ሲገድሉ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ጣቱን የቀሰረው ገዳዮቹ ይጫወቱት በነበረው «ዱም» በተባለው ጨዋታ ላይ ነበር። ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል የጨዋታ ኩባንያዎችን የከሰሱ ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ2002 ክሱን ውድቅ አደረገው። በሚያዝያ 2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ 32 ሰዎችን በገደለ ጊዜ ደግሞ ገና ማንነቱ በውል ሳይታወቅ በቴሌቪዥን ቀርበው «ይህ የጌም ውጤት ነው» ያሉ ተንታኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጣው የአጣሪ ቡድን ሪፖርት ያመለከተው ግን ሌላ ነው። አብሮት ያድር የነበረው ተማሪ ጌም ሲጫወት አይቶት አያውቅም ነበር። ሪፖርቱ በሰፊው ያተተው ስለ ልጁ የአእምሮ ሕመም፣ ምልክቱን ያዩት ክፍሎች እርስ በርሳቸው ስላለመነጋገራቸውና መሣሪያውን እንዴት እንደ ገዛ ነበር።

ከዚህ ለእኛ ለጋዜጠኞች የሚቀር ትምህርት አለ። ጌምን መክሰስ ቀላል ነው፤ ጌም መልስ አይሰጥም፤ ፎቶግራፉም ዓይን ይስባል። ልጁን በቅርብ ማን ያውቀው ነበር፣ ሲታመም ማን አየው፣ ትምህርት ቤቱ ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ ግን ብዙ መንገድ መሄድን ይጠይቃል። የቀለለውን ክስ መርጠን በጻፍን ቁጥር የተቀሩት ተጠያቂዎች በሰላም ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ነቀፌታው በአንዲት እናት ላይ ይወድቃል።

ጥናቱ ምን ይላል?

እናቶችን በይበልጥ የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ «ልጄ ይህን እያየ ነፍሰ ገዳይ ይሆንብኝ ይሆን?» የሚል ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2015 ጥናቶችን መርምሮ፣ ጠብና ግድያ የሚታይባቸው ጨዋታዎች ከቁጡነት ባሕርይ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ገለጸ፤ ወደ ወንጀል ያደርሳሉ ለማለት ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ አመለከተ። በ2020 ጉዳዩን እንደገና ሲመለከተው ግንኙነቱ አነስተኛ መሆኑን፣ የሚታየውም እንደ መጮኽና እንደ መገፈታተር ባለ ጠባይ መሆኑን ገልጾ፣ ከባድ ወንጀልን በጌም ማሳበብ ከሳይንስ ጋር እንደማይሄድ አስታወቀ። በ2019 የታተመውና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተመራው ጥናት ደግሞ 1 ሺህ ያህል የ14ና የ15 ዓመት የእንግሊዝ ልጆችን መርምሮ፣ ስለ ልጆቹ ጠባይም አሳዳጊዎቻቸውን ጠይቆ፣ በጨዋታውና በቁጡነት መካከል ግንኙነት አላገኘም።

እንግዲህ ሊቃውንቱም ቢሆኑ በሁሉም ነገር አልተስማሙም። የተስማሙበት ነገር ቢኖር አንድ ጨዋታ ብቻውን ጤነኛን ልጅ ገዳይ እንደማያደርገው ነው። እናት ይህን ዐውቃ ልቧን ታሳርፍ።

ልብ ማሳረፍ ማለት ግን ዓይንን መጨፈን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን እንደ ሕመም መዝግቦታል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ልጁ መጫወቱን መግታት ሲያቅተው፣ ጨዋታውን ከምግብና ከትምህርት ከሌላውም ሁሉ ሲያስቀድም፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥልበት። ይህም ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል የቆየ ሲሆን ነው ሕመም የሚባለው። የአንድ የዕረፍት ቀን ጨዋታ ሕመም አይደለም።

በእኛ ከተሞች ደግሞ እነዚያ ጥናቶች ያላዩት ነገር አለ። እነዚያ ልጆች በአብዛኛው በየቤታቸው ነው የሚጫወቱት። የእኛ ልጅ ግን በመጋረጃ በተጋረደ ክፍል፣ ከማያውቃቸው ጎረምሶች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ የተሸነፈ ይክፈል እየተባለ ይጫወታል። የተሸነፈ ይክፈል ማለት የቁማር ፊደል መቁጠሪያ መሆኑን ልብ ይሏል። ከቴሌቪዥኑ ላይ ከሚፈሰው የቀለም ደም ይልቅ ልጁን ሊጎዳው የሚችለው ከጎኑ ያለው ሰው፣ ከኪሱ የሚወጣው ገንዘብና ከትምህርቱ የሚቀረው ሰዓት ነው። ደግሞም በዚያው በእጁ በያዘው ስልክ፣ በቅርብ ዓመታት በሀገራችን በደረሱት ግጭቶች የተነሡ እውነተኛ የጭካኔ ምስሎች ሲዘዋወሩ ታይቷል። በጌም ላይ የምንጮኸውን ያህል በዚህ ላይ አለመጮኻችን ያሳዝናል።

ሌላም የማይባል ነገር አለ። ልጁ በቡና ወቅት ከትምህርት ቀርቶ እሸት ሲለቅም የሚጠይቅ ብዙ አይደለም፤ ያገኛትን ገንዘብ ጌም ቤት ሲያጠፋት ግን ሁሉም ይቆጣል። ከትምህርት ገበታው ያስቀረውና ጌም ቤት ያደረሰው መንገድ ግን አንድ ነው።

ከእጅ ወደ እጅ

የእኛ ሀገር ሰው የቡናን መንገድ ያውቃል። የቀላው ካልቀላው ተለይቶ ይለቀማል። በማጠቢያው ጣቢያ የተንሳፈፈው ይወገዳል። በማድረቂያው አልጋ ላይ የተጎዳው ይወጣል። በመጋዘን ሴቶች ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ከዚያም ናሙና ተወስዶ፣ ተቆልቶ፣ ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። ቡናው ተበላሽቶ ቢገኝ «ጥፋቱ የለቃሚዋ ነው» ብሎ የሚያቆም ነጋዴ የለም፤ በየትኛው እጅ ላይ እንደ ተበላሸ ይመረመራል። ለባዕድ ሰው ስኒ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ከውጭ መጥቶ በልጃችን ዓይን ውስጥ ለሚገባው ጨዋታስ ስንት እጅ ይለቅምለታል?

የመጀመሪያው እጅ የሠሪው ኩባንያ ነው። ከላይ በጠቀስነው በሳን አንድሪያስ ላይ በ2005 የደረሰውን እንመልከት። በጨዋታው ውስጥ የተደበቀ፣ ለልጅ ዓይን የማይገባ የወሲብ ትዕይንት ተገኘ፤ የትዕይንቱም ቅጽል «ትኩስ ቡና» ነበር። ለቡና ሀገር ሰው ጆሮ የሚከብድ ስም ነው። ሠሪው ኩባንያ ሮክስታር በመጀመሪያ «ይህ የኮምፒዩተር ሠርጎ ገቦች ሥራ ነው» አለ፤ በኋላ ግን ትዕይንቱ ለገበያ በቀረበው ዲስክ ላይ ከመነሻው የነበረ መሆኑ ተረጋገጠ። መዳቢው ቦርድ ደረጃውን ወደ «ለዐዋቂዎች ብቻ» ከፍ አደረገው፤ ትልልቅ መደብሮችም ከመደርደሪያቸው አወረዱት። የደረጃ ምልክትን ያለ ምንም ጥያቄ ያመኑ ወላጆች ተታለሉ ማለት ነው። ትርፉን የሚሰበስበው ኩባንያ የኃላፊነቱን ትልቅ ድርሻ መሸከም ይገባዋል።

ሁለተኛው እጅ አባዢውና ሻጩ ነው። የዕድሜው ምልክት የታተመው በሣጥኑ ላይ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነው። ጨዋታው በየከተማችን ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ እየተገለበጠ ሲደርስ ሣጥኑ አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በመንገድ ቀርቶ ዕቃው ብቻ ይገባል።

ሦስተኛው እጅ የጌም ቤቱ ባለቤት ነው። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራ አጥቶ፣ ተበድሮ ቴሌቪዥን የገዛ ወጣት መሆኑን መርሳት አይገባም። እንጀራውን መንጠቅ መፍትሔ አይሆንም። ነገር ግን ደንብ ልብሱን የለበሰ ተማሪ በትምህርት ሰዓት ሲገባ የሚያየው እርሱ ነው፤ የ10 ዓመት ልጅ የግድያ ጨዋታ ሲመርጥ የሚከፍትለትም እርሱ ነው። መጋረጃውን ማንሣት፣ ለሕፃናት ከእግር ኳስና ከመኪና እሽቅድምድም ሌላ አለመክፈት፣ «የተሸነፈ ይክፈል»ን ማስቀረት ገቢውን አያጠፋበትም። ስሙን ግን ያቃናለታል።

አራተኛው እጅ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው አካል ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ ሕፃናትን በሚመለከት የመንግሥትም ሆኑ የግል የበጎ አድራጎት ተቋማት፣ ፍርድ ቤቶች፣ የአስተዳደር ባለሥልጣናትና የሕግ አውጪ አካላት እርምጃ ሲወስዱ በቀዳሚነት የሕፃናትን ደህንነት እንዲያስቡ ያዛል። ንግድ ፈቃድ ሲሰጥ ቤቱ ከትምህርት ቤት ስንት ሜትር ይርቃል፣ በስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ስንት ዓመት የሞላው ይገባል ብሎ መጠየቅ የዚህ ትእዛዝ ትርጉም ነው። በዓመት አንድ ቀን ለዘመቻ ከመውጣት በየወሩ አንድ ጊዜ ገብቶ ማየት ይሻላል።

የሌሎች ሀገሮች መንግሥታት ከዚህም አልፈው ሄደዋል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የኮምፒዩተር ጌም እንዳይጫወቱ ከለከለች፤ ልጆቹ ሕጉ ወዳልደረሰበት ወደ ስልክ ዞሩ፤ ሀገሪቱም ሕጉን በ2021 ለመተው ወሰነች። ቻይና ደግሞ በዚያው በ2021 ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀናት ብቻ፣ ያውም ማታ ለአንድ አንድ ሰዓት እንዲጫወት አዘዘች። የኮሪያው ታሪክ የሚያስተምረን ሕግ አያስፈልግም ብሎ አይደለም፤ ከልጁ ጋር የሚነጋገር ሰው ከሌለ ሕግ ብቻውን የልጁን እጅ ተከትሎ መድረስ እንደማይችል ነው።

አምስተኛው እጅ ትምህርት ቤት ነው። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑን የት ይዋል? ሜዳው ተቆልፎ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘግቶ፣ «ጌም ቤት አትሂድ» ብቻ ማለት ልጁን ጎዳና ላይ ማቆም ነው። ከሰዓት በኋላ የሚከፈት የኳስ ሜዳና የንባብ ክፍል ከአሥር ዘመቻ ይበልጣል።

ስድስተኛው እጅ አባት ነው። በሀገራችን «ሴት ያሳደገው» የሚል ስድብ አለ። ልጁ ሲያጠፋ የእናቱ፣ ሲያለማ የአባቱ ይሆናል። አባት ማታ ከሥራ ሲመለስ «ዛሬ የት ዋልክ?» ብሎ መጠየቅ፣ አንድ ቀንም ልጁን ተከትሎ ጌም ቤቱን ማየት ክብሩን አይቀንስበትም። ኃላፊነቱ የሁለቱም ነው።

እናትስ?

እናትም ድርሻ አላት፤ ድርሻዋ ግን ሰባተኛው እንጂ ሰባቱም አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክር ጊዜ ላጠራቸው ሠራተኛ እናቶች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ልጅዎ የሚሄድበትን ጌም ቤት አንድ ጊዜ ገብተው ይዩት። ባለቤቱ ፊትዎን ካወቀ ልጁንም ያውቀዋል። ብቻዎን ለመሄድ ከከበደዎ ከለቀማ ጓደኞችዎ ወይም ከዕቁብተኞችዎ ሦስት አራት ሆነው ይሂዱ፤ «ልጆቻችንን በትምህርት ሰዓት እንዳታስገባ፤ ይህንና ይህን ጨዋታ እንዳትከፍትላቸው» ብለው በሽማግሌ ወግ ይነጋገሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

ልጅዎን «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? እስቲ አሳየኝ» ይበሉት። ሲያሳይዎ አይቆጡ፤ «ይህን ሰው ለምን ገደልከው? እውነት ቢሆን እናቱ ምን ትል ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ጨዋታና እውነት የሚለዩት እንዲህ ባለ ወሬ ነው።

ስልክ በቤት ውስጥ ካለ ማታ ከልጁ መኝታ ይራቅ። አብዛኞቹ ስልኮች ጨዋታ በሚወርድበት መደብር ላይ የዕድሜ ገደብ አድርጎ በምሥጢር ቁጥር መቆለፊያ አላቸው፤ እርስዎ ባይችሉ የሚያምኑት የሰፈር ወጣት ያስተካክልልዎታል።

ልጁን ጠበኛ ጨዋታ ተጫወትክ ብሎ መደብደብ ጠብን ሁለት ጊዜ ማስተማር ነው። እንቅልፉ፣ ምግቡና ትምህርቱ ለወራት ከተበላሸ፣ ስልኩን ሲከለከልም ራሱን መቆጣጠር ካቃተው ግን የጠባይ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ወደዚያ መሄድ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም ለሁላችንም የምንለው ይህ ነው። ጥቁር ፍሬ በጆንያ ውስጥ ሲገኝ ጆንያው ያለፈበትን እጅ ሁሉ እንጠይቃለን። ልጅ ሲጠፋም እንዲሁ እንጠይቅ፤ ኩባንያውን፣ ሻጩን፣ ባለ ጌም ቤቱን፣ ጽሕፈት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አባቱን። እናቱንም እንጠይቅ፤ ግን «የት ነበርሽ?» ብለን ሳይሆን «ምን እናግዝሽ?» ብለን።